ፒኤሳችሁን በሙቀት የምትገድሉባቸው ስህተቶች

ሦስተኛው ፒኤስ ፎር (ፕሌይስቴሽን 4) የሞተብኝ ቅዳሜ ማታ ነበር። ቤቱ ጢም ብሏል። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ የመጡ ሁለት ልጆች ፊፋ ላይ ተፋጠዋል፤ ደንቡ እንደ ሁሌው ነው፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ማሽኑ ላይ ቀይ መብራት በራ። ሲመራ የነበረው ልጅ «ጋሼ፣ አንተው መስክር፣ ሁለት ለዜሮ ነበርኩ እኮ!» ይለኛል። ያኛው ፈገግ ብሎ ጃኬቱን ይለብሳል፣ «ያላለቀ ጨዋታ አይከፈልበትም» እያለ። እኔ ሁለቱንም በደንብ አልሰማኋቸውም። ማሽኑን ለመንቀል እጄን ሳሳርፍበት አቃጥሎኝ ጣቴን እየነፋሁ ነበር።

በአንድ ዓመት ሦስት ማሽን መቅበር ለአንዲት ትንሽ ፕሌይስቴሽን ቤት ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ «ዕቃው ፌክ ነው» አልኩ። ቀጥሎ መብራቱን ረገምኩ። በኋላ ካቻቪቴ ይዤ ሬሳቸውን አንድ በአንድ ስከፍት ግን ጥፋቱ የኔው ሆኖ አረፈው። ከዚያ ወዲህ የራሴንም የሰፈሩንም ማሽን እየከፈትኩ እጠግናለሁ፣ የማየውም ያንኑ ስህተት ነው። አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ፤ ስለዚህ እታች ስቆጣ ብታዩኝ ግማሹ ቁጣ ለራሴ ነው።

«ጅማ እኮ አትሞቅም» ብሎ መተማመን

ይህን ያላለኝ ደንበኛ የለም። እውነት ነው፣ ጅማ ድሬዳዋ አይደለችም። ዝናቧ አያልቅም፣ ማታ ማታ ጋቢ ታስደርባለች። ማሽኑ ግን ደጅ አያድርም፤ የሚውለው እናንተ ክፍል ውስጥ ነው።

እስኪ ሂሳቡን እንሥራው። የመጀመሪያው፣ ወፍራሙ ፒኤስ ፎር ጨዋታ ላይ ሲሆን ወደ 140 ዋት ይበላል። የበላውን ከሞላ ጎደል በሙሉ ሙቀት አድርጎ ይተፋዋል። አራት ማሽን ካላችሁ 560 ዋት። አራት ቲቪ፣ እያንዳንዱን 50 ዋት እንበለው፣ 200። አሁን ሰዎቹን ቁጠሩ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ከሰውነቱ ይወጣል፣ ጎል ሲገባ ወንበር ላይ የሚወጣው ደግሞ ከዚያም በላይ። ስምንት ተጫዋች፣ ከኋላ ቆመው የሚያሽሟጥጡ አራት፣ 1,200 ዋት። ድምሩ ወደ 2,000 ዋት ይጠጋል። ይህ ማለት ሦስት በአራት የሆነች ክፍል መሃል አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቀኑን ሙሉ ለኩሶ እንደመተው ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለም፣ መስኮቱ ደግሞ ስክሪኑ ላይ እንዳያንጸባርቅ በካርቶን ተደፍኗል።

ፒኤስ ፎር እንዲሠራ የተፈቀደለት የአካባቢ ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ደጅ 26 ሆኖ እንዲህ ባለች ክፍል ውስጥ 35 ለማለፍ ብዙ አይፈጅም።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ስፋቱ ያው ነው፤ ክብደቱ ግን ቀንሷል፣ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም አብሮ ይቀንሳል። ከፍታው አየሩን አቀዘቀዘልን፣ በዚያው ልክ ፋኑን አደከመብን።

እኔ ካርቶኑን አንስቼ መጋረጃ ሰቀልኩ፣ ከበሩ ትይዩ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ሁለት ብሎኬት አስነቅዬ በወንፊት ሽቦ ሸፈንኩት። ሙቅ አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ መውጫ ካገኘ ራሱ ይወጣል። ወጪው የአንድ ቀን ሠራተኛ ብቻ ነበር።

ማሽኑን ሳጥን ውስጥ መቆለፍ

ይህ የኔ ትልቁ ኃጢአት ነው።

ሌባ ፈራሁ። ፒኤስ ቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል፣ ግርግር ሲሆን ጆይስቲክ እንኳ ኪስ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አናጺ ጠርቼ ለአራቱም ማሽን የጣውላ ሳጥን አሠራሁ። ከፊት ሲዲ ማስገቢያ የምታህል ትንሽ በር ከነቁልፏ፣ ከኋላ ገመድ ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ። ቫርኒሽ ተቀባ። ያምር ነበር፤ የመጣ ሰው ሁሉ «የት አሠራኸው?» ይለኛል፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ አናጺውን አሳያለሁ። ሁለት ሌላ ፒኤስ ቤት ያላቸው ጓደኞቼም አሠሩ፣ አሁን ሳገኛቸው ወሬ እቀይራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒኤስ ፎር ቀዝቃዛ አየር የሚስበው በጎንና በጎኑ ባለው ስንጥቅ ነው። ሙቁን በኋላ በኩል ይተፋል። በሳጥን ስትዘጉት የተፋውን መልሶ ይስበዋል። የሳበው ቀድሞ የሞቀ ስለሆነ ቀጥሎ የሚተፋው ይብሳል፣ እሱንም መልሶ ይስበዋል፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ፋኑ ጩኸቱን ይጨምራል። ፋን ግን አየር ያዘዋውራል እንጂ ከየትም ቅዝቃዜ አያመጣም። አንድ ማታ ሦስት ጨዋታ ካለቀ በኋላ ያቺን ትንሽ በር ከፍቼ እጄን ሰደድኩ፤ የምጣድ አክንባሎ ሲነሳ ፊት ላይ የሚመታው ዓይነት ወላፈን ወጣ። ወር የሞላው ቫርኒሽ እንደ አዲስ ይሸታል። ያኔ እንኳ አልገባኝም፣ በሩን መልሼ ቆለፍኩት።

«ሳይጠፋ እስከሠራ ምን አገባኝ» የሚል ሰው ስለማይጠፋ አንድ ነገር ልጨምር። ፓወር ሰፕላዩ (የግድግዳውን መብራት ለማሽኑ የሚመጥነው ክፍል) ውስጥ ትንንሽ ጣሳ የሚመስሉ ካፓሲተሮች አሉ። ውስጣቸው ፈሳሽ ነው፣ ሙቀት ቀስ እያለ ያደርቀዋል። ጎናቸው ላይ 105 ዲግሪ የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ኤሌክትሮኒክስ የሚነካካ ሁሉ የሚያውቀው ግምት አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል። በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት ይሠራል የተባለውን እንውሰድ። በ85 ዲግሪ 8,000 ሰዓት ይሆናል። በ65 ዲግሪ 32,000 ሰዓት። የኛ ቤት በቀን 12 ሰዓት ይሠራል። 8,000 ሰዓት ለኛ ሁለት ዓመት አይሞላም፣ 32,000 ደግሞ ሰባት ዓመት ያልፋል። ካፓሲተሩ ያው ነው፣ ልዩነቱ ሃያ ዲግሪ ነው። ሳጥኑን ያሠራሁት ለሌባ ነበር፤ አምስት ዓመቱን የሰረቀኝ ግን እሱ ራሱ ነው።

አሁን ከቀጭን ፌሮ የተበየደ ፍርግርግ ነው ያለኝ። ቁልፍ አለው፣ እጅ አያሳልፍም፣ አየር ግን በየት በኩልም ይገባል። ከኋላው እስከ ግድግዳው አንድ ስንዝር ትቻለሁ። እንደ ሳጥኑ አያምርም። ማንም የት አሠራኸው ብሎኝ አያውቅም።

ዳንቴል፣ ምንጣፍ፣ መደራረብ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ቤት ውስጥ የሚጫወቱ ሰዎች ማሽኑን ዳንቴል ያለብሱታል፤ እናት ናት የምታለብሰው፣ ስለዚህ መከራከር ይከብዳል። ሲጠፋ አልብሱት፣ ሲበራ አንሱት። ምንጣፍና አልጋ ላይ አታስቀምጡት። ማሽን ላይ ማሽን አትደርቡ። ስታብላይዘር ሥሩ አታድርጉ፣ ስታብላይዘር ራሱ ይግላል፤ ከታች ምድጃ አድርጋችሁ ከላይ ፋኑ ለምን ጮኸ አትበሉ።

ጎሚስታ ወስዶ ማስነፋት

ፋኑ እንደ ወፍጮ መጮህ ሲጀምር ሰው ምን ያደርጋል? ማሽኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ጎሚስታ ይሄዳል። ልጁም የጎማውን ቱቦ ይዞ ፊሽሽሽ ያደርግበታል። አቧራው ሲበን ያረካል፣ አልክድም። እኔም አድርጌዋለሁ።

ግን ሦስት ነገር እየተበላሸ ነው። አንደኛ፣ የኮምፕረሰር ታንክ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፣ እንደ ጅማ እርጥብ በሆነ አገር ደግሞ ይበዛል፤ ከአየሩ ጋር ውኃና የዘይት ጠብታ ቦርዱ ላይ ይረጫል። ሁለተኛ፣ ግፊቱ ፋኑን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ያሽከረክረዋል፣ ኩሽኔታው ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ያ የማይጠፋ የጭረት ድምፅ ይመጣል። በነገራችን ላይ በግድ የሚሽከረከር ፋን እንደ ዲናሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ያም ወደ ቦርዱ ነው የሚመለሰው። ሦስተኛ፣ ሳይከፈት ከውጭ የተነፋ አቧራ ግማሹ አይወጣም። ጥልቅ ብሎ ይገባል።

የኛ አቧራ ደግሞ ተራ አቧራ አይደለም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያ ቀይ አፈር ከመንገድ ይነሳና በበሩ ይገባል። ብዙ ፒኤስ ቤት ጥግ ላይ ጀበና አለ፣ የኔም ቤት አለ፤ ጅማ ሆኖ ቡና ሳይቆላ የሚውል ቤት የት ይገኛል? የቡና ቆሎ ጭስ ዘይት አለው። ዕጣኑም ሙጫ ነው። ሁለቱ ተደርበው አቧራውን ያጣብቁታል። ሦስተኛውን ማሽን ስከፍት ከፋኑ በስተጀርባ ባሉት ቀጫጭን የብረት ክንፎች መሃል የተነጠፈውን ነገር አቧራ ለማለት ይከብዳል። ግራጫ ብርድ ልብስ ነበር። በወረንጦ ጫፉን ይዤ ሳብኩት፣ ሳይበጠስ አንድ ላይ ወጣ፤ ቅርጹን እንደያዘ። ሽታው ደግሞ ቁርጥ የጀበና ቡና።

እና እንዴት ይጸዳል? ከሶኬት ንቀሉት፣ ክፈቱት፣ ፋኑን በአንድ ጣት ያዙት እንዳይዞር። በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጠርጉት፣ የተጣበቀውን በወረንጦ ልቀሙት። በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ አለው። እኔ በበጋ በወር አንዴ፣ በክረምት በሁለት ወር አንዴ እሠራዋለሁ። መክፈት የሚፈራ ሰው ለሚያውቅ ሰው ይክፈል፣ ከጎሚስታው ብዙም አይወደድም። ጀበናውን ከማሽኖቹ አርቆ በር አጠገብ ማድረግም ይረዳል። ቡናውን ግን ተው አልልም፣ እሱን እኔም አልችለው።

ፔስቱን እንደ ቅቤ መለቅለቅ

ቺፑና ማቀዝቀዣው ብረት መሃል ቴርማል ፔስት የሚባል አለ። ሁለቱም ልሙጥ ይመስላሉ እንጂ በዓይን የማይታይ ጎድጓዳ አላቸው። ጎድጓዳው ውስጥ አየር ይቀራል፣ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። የፔስቱ ሥራ ያንን ጎድጓዳ መሙላት ብቻ ነው። ብረት ለብረት የተነካካበት ቦታ ላይ ፔስት ባይኖር ይመረጣል፤ ሲወፍር ራሱ እንቅፋት ይሆናል። የአተር ፍሬ የምታህል ይበቃል፣ ብረቱ ሲጫናት ትሰፋለች። አንድ ልጅ ያመጣልኝ ማሽን ላይ ፔስቱ ቺፑን አልፎ ቦርዱ ላይ ፈሶ ነበር። «ምነው?» ብለው «ሲበዛ ይሻላል ብዬ» አለኝ። ቂንጬ ላይ ቅቤ እየቀባ ያለ ነው የመሰለው።

በጥርስ ሳሙና የሚተኩም አሉ። አትሳቁ፣ ለጥቂት ቀን እውነትም ይሠራል፤ ውኃ አለበትና። ውኃው ሲተን ኖራ ሆኖ ይቀራል፣ ማሽኑም ከበፊቱ ይብሳል፣ እናንተ ግን «ባለፈው ሳምንት ተጠግኖ ነበር» እያላችሁ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ትፈልጋላችሁ።

ሌላው የሚረሳው ለስላሳዎቹ ፓዶች ናቸው። ሚሞሪዎቹና ኃይል የሚያከፋፍሉት ክፍሎች ላይ የሚለጠፉት እንደ ማስቲካ ያሉ ነገሮች። ስትከፍቱ ይቀደዳሉ። ሰው ፔስት ቀይሮ የተቀደደውን ፓድ እንዲሁ ይመልሰዋል ወይም ይጥለዋል። ዋናው ቺፕ ቀዝቅዞ ጎኑ ያለው ይቃጠላል። ውፍረታቸውም ያው መሆን አለበት፤ ከወፈሩ ብረቱ ቺፑን አይነካም፣ ከሳሱ ፓዱ ራሱ ብረቱን አይነካም።

ፒኤስ ፋይቭ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ በልምምድ አትክፈቱት። እዚያ ውስጥ ያለው ፔስት አይደለም፣ ፈሳሽ ብረት ነው። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አንድ ጠብታ ቦርዱ ላይ ካመለጠች አለቀ።

ክዳኑን አውልቆ ቬንትሌተር መደገን

ሲግል ሰው የሚያስበው ቀላል ነው፤ ክዳኑን ላውልቀውና ይተንፍስ። ምክንያታዊ ይመስላል። ማሽኑ ውስጥ ግን የአየር መንገድ ተሠርቷል፤ ፋኑ ሲስብ አየሩ መጀመሪያ በሌሎቹ ክፍሎች ላይ እያለፈ እንዲመጣ ነው ክዳኑ የታሰበው። ክዳኑ ሲነሳ ፋኑ በአቋራጭ ከላይ ይስባል፣ ሩቅ ያሉት ክፍሎች ነፋስ የሚባል አያዩም። አቧራው፣ የፈሰሰ ለስላሳና የለውዝ ቅርፊቱ ደግሞ በነፃ ይገባሉ።

ቬንትሌተሩን ደግሞ አብዛኛው ሰው ከኋላ ነው የሚደግነው፣ ሙቀቱ የሚወጣው በዚያ ስለሆነ። ማሽኑ ወደ ውጭ እየገፋ፣ እናንተ ወደ ውስጥ እየገፋችሁ፣ ትግል ነው። ከፊት ወይም ከጎን አድርጉት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቬንትሌተሩን መስኮቱ ላይ ወደ ደጅ አዙሮ የክፍሉን ሙቀት ማስወጣት ነው።

እርጥብ ጨርቅ የሚያደርግ ሰውም አይቻለሁ። ስለሱ ምን ልበል።

መብራት ሲወርድ «ይሠራል» ብሎ መቀጠል

ይህኛው ረቀቅ ያለ ነው፣ ታገሱኝ።

ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ግልገል ግቤን ታልፋላችሁ፣ የመጀመሪያው ግድብ 184 ሜጋ ዋት ነው። ከአፍንጫችን ሥር ማለት ነው። ቢሆንም ምሽት ሰፈሩ በሙሉ ምጣድ ሲጥድ የኛ አምፖል እንደ ኩራዝ ይሆናል። ፒኤሱ ግን ይሠራል። ፓወር ሰፕላዩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል።

የተፈጠረ ነገር ግን አለ። ማሽኑ የሚፈልገው ዋት ያው 140 ነው። በ220 ቮልት 0.64 አምፔር ይስባል። ቮልቱ 150 ሲሆን ያንኑ ዋት ለማግኘት 0.93 አምፔር መሳብ አለበት። የሽቦና የመገናኛ ሙቀት ደግሞ በአምፔሩ ልክ አይጨምርም፣ አምፔሩ በራሱ ሲባዛ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። አምፖሉ ሲደበዝዝ ፓወር ሰፕላዩ እየጋለ ነው፣ ያውም ቤቱ በሚሞላበት፣ ክፍሉ በሚሞቅበት ሰዓት። ማሽን ማታ የሚሞተው ለዚህ ነው። የኔም ሦስቱም ማታ ነው የሞቱት።

ስታብላይዘር ግዙ፣ ግን ጠቅላላ ዋታችሁን ደምራችሁ ከሱ ሰፋ ያለ ግዙ። አፍንጫው ድረስ የተጫነ ስታብላይዘር ራሱ ሁለተኛ ሙቀት አምጪ ነው።

መብራት ሄድ መጣ ሲል ደግሞ ማሽኑን ንቀሉት። ሲመለስ ዘሎ የሚመጣው ቮልት አንዱ ጣጣ ነው። ሌላው፣ ማሽኑ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ቺፑና ቦርዱ እኩል አይለጠጡም፣ መሃላቸው ያሉት የብየዳ ነጠብጣቦች ይጎተታሉ። ሽቦ ስታመላልሱት እንደሚበጠሰው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2006 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት እርሳስ ያለበትን ብየዳ በአብዛኛው ኤሌክትሮኒክስ ላይ ከልክሏል፣ ፋብሪካዎቹም ለዓለም ሁሉ እርሳስ በሌለው መሥራት ጀመሩ። ለጤና ጥሩ ነው። ግን አዲሱ ብየዳ ደረቅ ያለ ነው፣ እንደ ድሮው ተለጥጦ አይመለስም፣ ይሰነጠቃል።

ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር

ማሽኑን ትታችሁ ሶኬቱን የነካችሁት መቼ ነው? ሲሠራ ከቆየ በኋላ አጥፍታችሁ ፕለጉን ንቀሉና ጥርሶቹን በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። ትኩስ ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው።

የላላ መገናኛ ትንሽ ሬዚስታንስ አለው፣ ግማሽ ኦም እንበል። አራት ማሽንና አራት ቲቪ በአንድ ዲቫይደር ስታስገቡ 3.5 አምፔር ገደማ ያልፋል። ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ 6 ዋት ሙቀት። ምሽት ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩ 5 ይደርሳል፣ ሙቀቱም 12 ዋት ያልፋል። ትንሹ የመበየጃ ብረት 30 ዋት ነው፣ እሱ እርሳስ ያቀልጣል። ፕላስቲኩ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ያ የዓሣ የሚመስል ሽታ ይመጣል።

ዩቲዩብ ላይ ፒንቦል የሚጠግኑ ፈረንጆችን ማየት ሱስ ሆኖብኛል። ያ ኳሷን በመቅዘፊያ የሚመልሱበት፣ መብራት በመብራት የሆነ ትልቅ ጠረጴዛ። ጅማ ውስጥ አንድም አላየሁም፣ ግን በሽታው የኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩት የዊሊያምስ ኩባንያ ፒንቦሎች ላይ አምፖሎቹን የሚመግበው መገናኛ ከሰል መስሎ ይገኛል። ቦርዱ ደህና፣ አምፖሉ ደህና፣ መገናኛው ግን ነዷል። ከነሱ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ የተቃጠለ መገናኛ ሲያገኙ ሁለቱንም ወገን ይቀይራሉ፣ ወንዱንም ሴቱንም። እኛ ፕለጉን ቀይረን የተቃጠለውን ሶኬት እንተዋለን። የተቃጠለው አዲሱን ያቃጥለዋል። አምፖሎቹንም በኤልኢዲ ይተካሉ፣ አምፔሩ እንዲወርድ። እኔም የድሮዎቹን ወፋፍራም ቲቪዎች የሸጥኩት ከዚያ በኋላ ነው።

በሆት ኤር «ማስነሳት»

ማሽኑ ሞተ። አንድ ሰው ቺፑን በሆት ኤር፣ ማለትም ሙቅ አየር በሚተፋው የብየዳ መሣሪያ፣ አግሎ «ተነሳ» ይላችኋል። እውነትም ይነሳል። ትከፍላላችሁ። በሁለተኛው ሳምንት ይሞታል። «ሌላ ነገር ነው የተበላሸው» ይባላል፣ ደግማችሁ ትከፍላላችሁ።

እርሳስ የሌለው ብየዳ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እርሳስ ያለው የድሮው 183። ከላይ በነፋስ የሚመታ ቺፕ ሥሩ ያለው ነጠብጣብ ሁሉ እዚያ መድረሱን በምን ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ ስንጥቁም ከቦርዱ ጋር ያለው አይደለም፣ ቺፑ ራሱ ውስጥ ነው፣ ሲሞቅ ይነካካል፣ ሲቀዘቅዝ ይላቀቃል። በማይክሮሶፍቱ ጌም ማሽን በኤክስቦክስ 360 ዘመን ሰው ማሽኑን ሆን ብሎ በፎጣ ጠቅልሎ እያጋለ ያስነሳው ነበር፣ በዚሁ ምክንያት። ያ ማሽን ብዙ ከመሞቱ የተነሳ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ለጥገናው መድቧል። እነሱ በፎጣ የሚድን ቢሆን ይህን ሁሉ ብር አይከፍሉም ነበር።

ጠጋኙን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ «ቺፑን አንስተህ ነጠብጣቡን ትቀይራለህ ወይስ ታሞቀዋለህ?» የሚያሞቀው ከሆነ ዳታችሁን ገልብጣችሁ ለመለዋወጫ ሽጡት። መሸጡ ያዋጣል።

በረሮውን መርሳት

በረሮ ሙቀት ይወዳል፣ ጨለማ ይወዳል፣ የለውዝ ፍርፋሪ ይወዳል። ፒኤስ ቤት ለሱ ሆቴል ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ገብቶ ቦርዱ ላይ ባሉ ሁለት የብረት እግሮች መሃል ሲሞት ሾርት ያደርጋል፣ ኩሱ ደግሞ በክረምቱ እርጥበት ረጥቦ ቦርዱን ይበላል። አንድ ጊዜ ከፍቼ አሥራ አንድ ቆጥሬያለሁ፣ በሕይወት ያሉትን ሳልጨምር። ፍሊት ማሽኑ ላይ አትንፉ። ከሥሩ ጥጉ ላይ መድኃኒት አድርጉ፣ ማታ ወለሉን ጥረጉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ማሽኑ ራሱ ይናገራል። ስክሪኑ ላይ የቴርሞሜትር ሥዕል ያለበት ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ልጆቹ «እለፈው እለፈው፣ ኮርነር ነው!» ይላሉ። አትለፉት። አሁን ቤቴ ግድግዳ ላይ ጽፌ ለጥፌያለሁ፤ ማሽኑ «ሙቀት» ብሎ ካስጠነቀቀ ጨዋታው ይቆማል፣ ውጤቱ ባለበት ይያዛል፣ የሚመራው አሸንፏል። ክርክሩ ቀረ።

ሳጥኖቹን ቤቱን ያከራዩኝ ሐጂ ናቸው የወሰዷቸው። ጓሮ ተደርድረው አይተዋቸው «ምን ልታደርጋቸው ነው?» ሲሉኝ ላቃጥላቸው ነው አልኳቸው። ዞር ዞር እያሉ አይዋቸው፣ ያቺን ትንሽ በር ከፍተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። «አትንካቸው ልጄ፣» አሉ። «ለጫጩት ነው እንጂ። ሙቀት በደንብ ይይዛሉ።»